ገና ላልሞቱት ለአያ ሐብተ ማርያም ቀብር የቀረበ የሦስት ቀን ማስታወቂያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ አፋፍ ሚካኤል።

አየሩ፦ ሌሊቱን ውርጭ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ወጥቷል፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር ወደ ላይ ይነፍሳል።

የተገኙ፦ የቤቱ ባለቤት አያ ሐብተ ማርያም (በአልጋ ላይ)፤ የነፍስ አባታቸው መምሬ ምንዳዬ፤ ልጄ ሄለን፤ እኔ የዕድሩ ጸሐፊ ውቢት ቢያዝን።

ያልተገኘ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ተወካይ፤ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ።

ለድብቅ ውብ መንገዶች ማስተዋወቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ጎንደር።

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ዓይንዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ ይልቁንም ዓይንዎን፣ የሌላውን ሰው መንገድ የሚያዩበት ነውና። እኛ አንድ ሰው ከመታመሙ በቀር ደኅና ነን። የምጽፍልዎም ስለዚሁ አንድ ሰው ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ በጥቅምት ወር ለቀበሌያችን በላከው መመሪያ፣ በሰባቱ የዕይታ ማቆሚያዎች በኩል የሚያልፍ ማንኛውም የቀብር ሥነ ሥርዓት ቢያንስ ከሦስት የሥራ ቀናት በፊት በጽሑፍ እንዲገለጽለት፣ ሳይገለጽ የመጣ አስከሬን ግን እንግዶችን እንዳያውክ በታችኛው አማራጭ መንገድ እንዲሄድ አዟል። እኛ ትእዛዝ አክባሪዎች ነን። ስለዚህ የአባቴ ወንድም የሆኑት፣ ወላጆቼ ሲሞቱም ያሳደጉኝ አያ ሐብተ ማርያም በቅርቡ እንደሚሞቱ በዚህ ደብዳቤ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። እህል ከቀመሱ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። ቀኑን በትክክል እንድሞላ ብዬ እሳቸውኑ ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ መቼ ነው የሚሞቱት? ጎንደር ያሉት ቀን ይፈልጋሉ» አልኳቸው።

«ምነው፣ ቸኮሉ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ዓርብ ሚካኤል ነው፤ ታቦት ሳልሸኝ አልሄድም። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ተሸካሚ አይገኝም። እሑድ ይሁን በያቸው።»

መምሬ ምንዳዬ ደንግጠው «ኧረ አያ! ቀኑ የሱ ነው!» ብለው ቢቆጧቸው፣ «የሱማ ነበር፤ ዘንድሮ የጽሕፈት ቤት ሆኗል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስለዚህ በቅጹ ላይ እሑድ ኅዳር 14 ብለው ቢሞሉልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቢቆጠር ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ ሦስት የሥራ ቀናት ይሆናሉ፤ አያ ሐብተ ማርያም ምንም ያህል ቢያማቸው የመንግሥትን ሥራ አላስተጓጎሉም።

ክቡርነትዎ አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ እየኖሩ፣ ሟች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሸኝ በመንገድ ሰባት ጊዜ እንደሚያርፍ፣ በየማረፊያውም ቃሬዛው መሬት ተቀምጦ ጸሎት እንደሚደረስለት አያውቁም ብል ድፍረት ይሆንብኛል። ስለዚህ የማያውቁት ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡልን ባለሙያ አቶ ታከለ ብቻ ናቸው ብዬ ወስኛለሁ። ለእሳቸው ሲባል ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በሐምሌ፣ የአያ ሐብተ ማርያም አንድያ ልጅ ዓይናዲስ ሞተች። ያን ጊዜ ወደ ሚካኤል የሚወስደው መንገድ ታችኛው ብቻ ነበር፤ ውሃ መውረጃውን ተከትሎ የሚሄደው፣ አሁን መመሪያው «አማራጭ» የሚለው። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ መሬቱ ያዘነበለ፣ ጭቃውም እንደ ሳሙና ነበር። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ሲያስቀምጡት ተንሸራተተ። አባቷ ሮጠው ከታች ገብተው በደረታቸው ደግፈው ባይዙት ኖሮ ልጅቱ ገደል ትገባ ነበር። እኔ እዚያ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ጮኸ፤ እሳቸው ግን አልጮኹም።

በመስከረም ዶማ አንስተው በላይኛው አፋፍ በኩል አዲስ መንገድ ጀመሩ። አሥራ አንድ በጋ ፈጀባቸው። ስምንት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ጎን ለጎን እንዲሄድበት አድርገው አሰፉት፤ ሰባቱንም ማረፊያዎች አንድ በአንድ ደለደሉ። መደልደሉን የሚለኩት በሳህን ውሃ ነበር። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጠው አጎንብሰው ያያሉ፤ ውሃው ወደ አንድ ወገን ካደላ እንደገና ይቆፍራሉ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር የሞተ ሰው ሁሉ ቀጥ ባለ መሬት ላይ ዐርፎ ሄዷል።

አቶ ታከለ በግንቦት የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ከመኪናቸው ወርደው የመሬት ዝንባሌ የሚለካ ስልካቸውን አራተኛው ማረፊያ ላይ አጋደሙና «ዜሮ ነው! ዜሮ!» ብለው በደስታ ጮኹ። እንዲህ ያለ ደልዳላ መሬት በሰሜን ተራሮች እንዳላዩ ነገሩን። አያ ሐብተ ማርያም ሥራቸው ሲመሰገን ስለ ሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ መኪና ውስጥ ተኝቶ የሚያድር ሰው መሬቱ ካዘነበለ ደም ወደ ራሱ እየወረደ እንቅልፍ ያጣል። እኛም ተኝቶ ለሚያልፍ ሰው ነበር የደለደልነው፤ እንግዲህ ሐሳባችን ብዙም አልተራራቀም።

ብሮሹራችሁ እጄ የገባው ግማሽ ኪሎ ጨው ተጠቅልሎበት ነው። ስለ ወረቀቱ ጥንካሬ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፤ አንዲት ፍሬ ጨው ሳያፈስ ከድብ ባሕር ገበያ እስከ ቤቴ አድርሷል። «ብዙ ሰው ያልደረሰባቸው፣ ለካራቫን የሚመቹ ስድስት ውብ ጉዞዎች» ይላል። ካራቫን ማለት አልጋና ምድጃ ያለው መኪና መሆኑን ከሥዕሉ አየሁ፤ የእኛ ሰው «ቤት ያዘለ ማኪና» ይለዋል። ከትክል ድንጋይ ወደ ሳንጃ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ቁጥር ሁለት ነው፤ በዚያ ሰሊጥ የሚያመላልሱ ሾፌሮች ስለ ዕይታው ምን እንደሚሉ ብትጠይቋቸው ለብሮሹሩ የሚሆን ቃል አይጠፋም፣ የሚታተም ከሆነ። ቁጥር አራት እኛ ነን፦ «የአፋፍ ሚካኤል መንገድ፤ ገደሉን ተከትሎ ሁለት ኪሎ ሜትር፤ የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ተነሳሽነት ያዘጋጃቸው ሰባት ማቆሚያዎች ያሉት፤ ፍጹም ጸጥታ የሰፈነበት።» ስለ ጸጥታው አልዋሻችሁም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላስቀምጥ፤ ቁጥር እንደምትወዱ አይቻለሁና።

1ኛ. በየማረፊያው ስለ ተተከሉት ሰሌዳዎች። ሦስተኛው «የጭላዳ ሰገነት»፣ አራተኛው «የፀሐይ መጥለቂያ» ተብሏል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያለው ሰባተኛው ደግሞ «የመጨረሻው ዕይታ» ተብሏል። በዚህኛው ስም ላይ ብቻ ቅሬታ የለንም።

2ኛ. አምስተኛው ማረፊያ ላይ ስለ ተጻፈው «የፍሳሽ ማስወገጃ» ስለሚለው ቃል። እንግዶቹን አልወቅስም፤ ሰሌዳ አንብበው የታዘዙትን አደረጉ። እኛም በመስቀል ሰሞን ለቀብር ሄደን የታዘዝነውን አደረግን፤ አስከሬኑን ሌሎች ገላ የታጠቡበት ውሃ ላይ አስቀመጥን። መምሬ ምንዳዬ ጸሎቱን ሳያቋርጡ ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ያዙ። የሟቹ ሚስት ግን ነጠላዋን አውልቃ ከቃሬዛው ሥር አነጠፈች፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ነጠላ አልለበሰችውም።

3ኛ. ስለ አምቡላንስ። አቶ ታከለ ሲለኩ ያየ ሰው ሁሉ የአምቡላንስ መንገድ ሊሠራልን ነው ብሎ ስላሰበ፣ ሦስት ቀን ደቦ ወጥተን ሣሩን አጨድን፤ ከግራ ከቀኝ ድንጋይ ደረደርን። «የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ተነሳሽነት» የተባለው ይኸው ነው። አምቡላንስ እስከ ዛሬ አልመጣችም። ድብቅ መንገድ ለምትፈልጉት ለእናንተ ይህ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል፤ መንገዳችን ከአምቡላንስ እንኳ እንደ ተደበቀ ነው።

4ኛ. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ያንብቡት።

በዚህ ቀበሌ ወረቀት የመጣ እንደ ሆነ ለሰው የማነበው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከቀደሙኝ ልጆች ጎን ተቀምጬ ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ስኳርና ጨው ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ጋዜጣ ነው። እንደዚያ የሚማር ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ ሁለተኛ ገጽ አይቶ አያውቅም። ወሬው መሐል ላይ ይቆረጥበታል፤ እሱም በዚያው ይበቃኛል ብሎ ይለምደዋል። አቶ ታከለ የስምምነቱን ወረቀት ሲሰጡኝ የመጀመሪያውን ገጽ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «መንገዱን ለማልማት» ይላል፤ መልካም ነበር። ሁለተኛውን ልገልጥ ስል «እሱ አባሪ ነው እቴ፣ ዝም ብሎ ካርታ ነው» አሉኝ። እኔም «አባሪ ነው» ብዬ ለሰው ተናገርኩ። አርባ ሦስት ሰው ጣቱን አሳረፈ። አያ ሐብተ ማርያም ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ከመንከራቸው በፊት ቀና ብለው «ሸጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሸጋ ነው አያ» አልኳቸው።

ሰባቱ ማቆሚያዎች፣ ቅድመ ማስታወቂያውና ታችኛው መንገድ የነበሩት ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። አቶ ታከለን አልዋሹም ብዬ እመሰክርላቸዋለሁ፤ ካርታም ነበረበት።

ይህን ስጽፍ አራት ጊዜ ተነስቼ ደጅ ወጥቻለሁ። ነፋሱ ሲያፏጭ የሞተር ድምፅ ይመስለኛል፤ የሞተር ድምፅ ስሰማ ደግሞ አያ የተጣሩ ይመስለኛል። አንድ ቤት ያዘለ መኪና አራተኛው ማረፊያ ላይ ከቆመ ስድስት ቀኑ ነው፤ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ አሉበት። ለሚካኤል ደግሞ ሌሎች ዘጠኝ እንደሚመጡ፣ ሰባቱም ማቆሚያዎች እስከ ሰኞ እንደ ተያዙ ከቀበሌ ሰምቻለሁ። አያ ሐብተ ማርያም ይህን አልሰሙም። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት ሲነቁ ይጠይቁኛል፣ ውሃ ሳጠጣቸውም ይጠይቁኛል፤ «በላይኛው ነው አይደል የምትወስዱኝ?» ይላሉ። እኔም «በላይኛው ነው» እላለሁ። እንደገና ተነስቼ እወጣለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። እሳቸው በሚሞቱበት ቀን፣ እሑድም ይሁን ሌላ ቀን፣ ሰባቱ ማረፊያዎች ባዶ ይሁኑ። ለእንግዶቻችሁ ከመንደሩ በላይ ያለውን የእኔን አውድማ እሰጣለሁ፤ ገብሱ ታጭዶ ተወቅቷል፣ መሬቱም ደልዳላ ነው። ዕይታው ከሰባቱም ይበልጣል፤ እስከ ታች ቆላ ድረስ ያሳያል። አቶ ታከለ ያላዩት ዳገት ስለሆነ ነው።

ለዚህ ሁሉ ድካማችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አሥራ አንድ በጋ በዶማ የተሠራ መንገድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስላገኛችሁት፣ ሟቾቻችንም ቀን ቆርጠው እንዲሞቱ ሥርዓት ስላስተማራችሁልን፣ ማንም የማያውቀውን መንደራችንን ከእኛው በቀር ለሁሉም ስላስተዋወቃችሁልን እናመሰግናለን። የእርስዎ መንገድ ሁልጊዜ የተደለደለ ይሁን፤ ዕድሜዎ ይርዘም፤ መሞት ግድ ሲሆንም ከሦስት የሥራ ቀናት በፊት የሚነግርዎ ሰው አይጣብዎ።

የዕድሩ ጸሐፊ፣ የመጀመሪያው ገጽ አንባቢ፣
አክባሪዎ ውቢት ቢያዝን

ድኅረ ጽሑፍ። ደብዳቤው መኪና አጥቶ ከእኔ ጋር አደረ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ያደረግሁትን ልጨምርበት፤ ከሌላ ሰው ሰምተው እንዳይደነግጡ ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አያ ሐብተ ማርያም ጠሩኝና «ያን መመሪያ አንብቢልኝ፤ ሁሉንም» አሉኝ። ደብቄያቸው የነበረውን ሁሉ አነበብኩላቸው። ዘጠኙን መኪናዎችም ነገርኳቸው። በወረቀቱ የፈረሙት በእኔ ቃል መሆኑንም ነገርኳቸው።

«እዚህ አገር ቁም ተዝካር ያወጣ ሰው አልነበረም?» አሉኝ። ሰው በሕይወቱ ሳለ የራሱን ተዝካር ሲደግስ ማለታቸው ነው።

«ነበረ» አልኩ።

«ታዲያ ቁም ቀብር ማን ከለከለው? ወረቀቱ አስከሬን ነው የሚል። እኔ አስከሬን ነኝ?»

ሄጄ የዕድሩን ተሸካሚዎች ስምንቱንም ጠራሁ። መጀመሪያ ሳቁ። አያን ሲያዩ ሳቃቸውን ተዉ። መምሬ ምንዳዬ «ለሕያው ሰው ፍትሐት አልፈታም!» ብለው በር ላይ ቆሙ።

«ማን ፍቱ አለዎት? መስቀልዎን ይዘው ይከተሉኝ እንጂ» አሏቸው አያ።

ተከተሉ። እኔ ከቃሬዛው በስተቀኝ፣ ጥላ ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያው፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው አሳረፍናቸው። በየማረፊያው እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። አራተኛው ላይ ፈረንጆቹ ከመኪናቸው ውጪ ሻይ ይጠጡ ነበር። ቃሬዛውን ሲያዩ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሴትዮዋ እንባዋ መጣ። አያ በዚያ ሰዓት ቀና ብለው «እንደምን አደራችሁ» አሏቸው። የሰውየው ኩባያ ከእጁ ወደቀ።

ሄለን በአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛዋ ነገሩን ሁሉ አስረዳቻቸው። ሰውየው መመሪያ አልጠየቀም፤ ማስታወቂያ አልጠየቀም። የጠየቀው «ስንት ሜትር ይበቃችኋል?» ብቻ ነው። ወዲያው ገብቶ መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ «የፀሐይ መጥለቂያ» የሚለውን ሰሌዳ ገጭቶ ጣለው። የጣልነው እኛ እንዳልሆንን እንዲመዘገብልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ባልና ሚስቱ ከዚያ በኋላ እስከ ሰባተኛው በእግራቸው ተከተሉን፤ መኪናቸው አሁን አውድማዬ ላይ ነው፤ ለዘጠኙም ጓደኞቻቸው በስልክ እዚያ እንዲመጡ ነግረዋቸዋል። ጽሕፈት ቤትዎ በስድስት ወር ያልገባው ነገር ቋንቋችንን ለማያውቁ ሰዎች ሻያቸው ሳይበርድ ገባቸው።

ስምንቱ ተሸካሚዎች አያ በሞቱ ቀን በታችኛው መንገድ እንደማይወስዷቸው፣ የፈለገው ይምጣ ብለው፣ በዕድሩ መዝገብ ላይ ፈርመዋል። እኔም ፈርሜያለሁ። እሑድ ሊያስተጓጉሉን ቢፈልጉ ክቡርነትዎ ራስዎ ይምጡ፤ በእግርዎ ግን ይሁን።

ሰባተኛው ላይ አያ ከቃሬዛው አውርዱኝ አሉ። አወረድናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፈው ተቀመጡና የልጃቸውን ስም አንድ ጊዜ ጠሩ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ብዙ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና «በሉ ቤቴ መልሱኝ፤ ራበኝ» አሉ።

ቀድሜ ሮጬ ቤት ገባሁ። እሳት አነደድኩ። ገንፎ አገነፋሁ፤ ረቡዕ ስለሆነ በቅቤ ፈንታ የኑግ ዘይት አደረግሁበት። ሲደርሱ ቀና አድርጌ በትራስ ደገፍኳቸውና ማንኪያውን ሰጠኋቸው። ራሳቸው ያዙት፤ ግማሹን በሉ።